የካሪቢያን ደሴቶች ላይ ቤት ወይ አካውንት ላላችሁ፦ «የትኛው ዶላር?» ሳትሉ እንዳትልኩ

ሻሸመኔ ጀማይካ ሰፈር የተወለድን ልጆች አሁን የቤተሰቡ ጉዳይ እኛው ላይ ወድቋል፣ ሽማግሌዎቹ ደክመዋል፣ ካሪቢያን ትተውት የመጡት ቤትና የባንክ ሂሳብ ግን እዛው አለ። ሁላችሁም አንድ አይነት ጥያቄ ስለምትጠይቁኝ አንዴ ልጻፈውና ልረፍ።

ገንዘቡን እወቁት። ግሬናዳ፣ ሴንት ሉሲያ፣ ዶሚኒካ፣ ሴንት ቪንሰንት፣ አንቲጓ፣ ሴንት ኪትስ፣ ሞንትሰራትና አንጉዪላ ስምንቱም በአንድ ገንዘብ ነው የሚገበያዩት፣ የምስራቅ ካሪቢያን ዶላር፣ በአጭሩ ኢሲ። ከ1976 (በፈረንጅ) ጀምሮ አንድ የአሜሪካ ዶላር 2.70 ነው፣ ንቅንቅ የለም። ባርባዶስ የራሱ አለው፣ ሁለቱ ለአንድ የአሜሪካ። ጃማይካና ትሪኒዳድም የየራሳቸው። ሁሉም ግን ሲያወሩ «ዶላር» ነው የሚሉት፣ ጉዱም እዚህ ጋ ነው።

2024 ላይ ቤሪል የሚሉት አውሎ ነፋስ የግሬናዳዋን ደሴት ካሪያኩን ሲያራቁታት የአባቴም ቤት ጣራ ሄደ። ቤቱን የሚጠብቀው የአክስቱ ልጅ ደወለና ቆርቆሮና እንጨት 5,400 ዶላር ነው አለ፣ ብሩክሊን ያለችው እህቴ ተበድራ 5,400 የአሜሪካ ላከች፣ እሱ ጋ 14,580 ኢሲ ሆኖ ገባ። የአናጢው ሂሳብ ለካ 5,400 ኢሲ ነው፣ በአሜሪካ 2,000 ድፍን! ቤት ጠባቂው ዘመዳችን ጭጭ። የደረሰኙን ፎቶ ሲልክ አውራ ጣቱን ከቁጥሩ ፊት ያለችው «ኢሲ» ላይ ጭኖ ነው ያነሳው። እህቴ አናጢው ጋ ራሷ ስትደውል ነው የታወቀው። ስንጠይቀው «ዶላር ነው ያልኩት፣ አብዝታችሁ የላካችሁት እናንተ» አለ፣ መልስ ስንለው ደሞ «ቤቱን ስጠብቅ የኖርኩበት ነው» ብሎ አረፈው። አባቴ እስካሁን «ተዉት፣ ስጋዬ ነው» ይላል፣ ብድሩን የምትከፍለው ግን እህቴ ናት።

ስለዚህ ዘመድ ይሁን፣ የቸርች ሰው ይሁን፣ ድሬድሎኩ መሬት የሚጠርግ ወንድም ራስታ ይሁን፣ ብር የሚቀበለውና ደረሰኝ የሚልከው አንድ ሰው አይሁን። ቆርቆሮ ከሆነ ለሱቁ በቀጥታ ክፈሉ። ዋጋ ሲነገራችሁ የትኛው ዶላር እንደሆነ በጽሁፍ ይላክ፣ ቮይስ አይቆጠርም።

ቤት ጠባቂ ያላችሁ ደግሞ ይሄን ስሙ፣ ጃማይካ ለምሳሌ የግል መሬት ላይ ሰው ያለባለቤቱ ፈቃድ 12 ዓመት ከተቀመጠ የኔ ነው ብሎ መከራከር ይችላል፣ የግብሩን ደረሰኝም ማስረጃ አድርጎ ያቀርበዋል። በእናንተ ፈቃድ እንደሚኖር ፈርሞ ይስጣችሁ። ይቀየማል፣ ይቀየም።

ውክልና ስትሰጡ «ማናቸውንም ጉዳይ» የምትል ቃል ካለችበት አትፈርሙ። ግብርና መብራት ይክፈል፣ መሸጥ፣ ማስያዝ፣ ከባንክ ማውጣት የለም፣ ማብቂያ ቀንም ይኑረው።

«ባንኩ ተዘግቷል፣ ብሩም የለም» ካሏችሁ አትመኑ። የካናዳ ባንኮች ከብዙዎቹ ደሴቶች ወጥተዋል፣ ስኮሺያባንክ በ2019፣ አርቢሲ በ2021፣ ግን ሸጠው ነው የሄዱት፣ ሂሳቡ ወደ ገዢው ባንክ ይዞራል። ራሳችሁ ኢሜይል አድርጉ፣ ፓስፖርትና የአድራሻ ማስረጃ ይጠይቃሉ፣ የቀበሌ ደብዳቤ አስተርጉማችሁ ላኩ።

ጥሬ ገንዘብ አታስቀምጡ። ትሪኒዳድ በ2019 መጨረሻ አሮጌውን 100 ዶላር በአንድ ወር ውስጥ ከገበያ አስወጥታዋለች። ኢሲ ኖትም ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ እዛው በአሜሪካ ዶላር ቀይሮ ይምጣ፣ እዚህ የሚመነዝርለት ባንክ አያገኝም።