ሪሲቨሩ አልቀዳ ሲል፦ ከመቀየራችሁ በፊት ፍላሹን ጠርጥሩ

ወርሃዊ ክፍያ ሳይከፍል ቴሌቪዥን መቅዳት የሚፈልግ የደሴ ሰው የሚገዛው ያው ተራውን የዲሽ ሪሲቨር ነው። የአገራችን ጣቢያዎች በኢትዮሳት፣ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ በነፃ ይገባሉ። የሚቀዳው ፍላሽ ላይ ነው። ከዚያ ስሞታው ይጀምራል፤ «ሪሲቨሩ ተበላሸ፣ ቀይርልኝ»። አብዛኛውን ጊዜ ሪሲቨሩ ምንም አልሆነም። ዲሽ ማስተካከሉንና ዩኤስቢ መሰካቱን ታውቁታላችሁ ብዬ ልለፈው።

ቀድቶ ቀድቶ መሃል ላይ ይቆማል፣ ወይም የተቀዳው ሲከፈት ባዶ ነው

እጄ ላይ ደጋግሞ የሚወድቀው ይሄ ነው። ጥፋተኛው ደግሞ ፎርጅድ ፍላሽ ነው። ላዩ ላይ 128 ጊጋ ይላል። ኮምፒውተር ላይ ሲሰካም 128 ያሳያል። ውስጡ ግን 8 ወይም 16 ብቻ ሊሆን ይችላል። መጠኑን የምትናገረው ውስጥ ያለችው መቆጣጠሪያ ቺፕ ናት፤ እሷን ውሸት አስጠንተው ነው የሚሸጡት። እውነተኛው ቦታ እስኪሞላ ድረስ ሁሉም ሰላም ነው። ከዚያ በኋላ ሪሲቨሩ ይልካል፣ ፍላሹ «እሺ» ይላል፣ የሚቀመጥበት ግን የለም። አንዳንዱ በድሮው ላይ ይጽፍበታል። «ሞልቷል» የሚል መልእክት እንኳ አይመጣም።

አንዲት እናት የመውሊድ መንዙማ ያስቀዱበትን ፍላሽ በመሐረብ ቋጥረው አመጡልኝ። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ጂኒ ሰፍሮበታል መሰለኝ። ስሙ አለ፣ ድምፁ የለም።» እውነታቸውን ነው። የፋይሉ ስም አለ፣ መጠኑ አለ፣ ሲከፈት ጭጭ። የብረት ቅርፊቱን ስፈለቅቀው በሙጫ የተለጠፈች ትንሽ የስልክ ሚሞሪ ካርድ ወጣች። መንዙማው አልተመለሰም። ለዚያ ቆሻሻ በከፈሉት ብር ትክክለኛ 16 ጊጋ ይገኝ ነበር፤ እሱ ነው የሚያበሽቀኝ።

መመርመሪያው ቀላል ነው። ፍላሹን ኮምፒውተር ላይ ባዶ አድርጉት። እስኪሞላ ድረስ ፊልም ገልብጡበት። ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩትና መጀመሪያ የገባውንም፣ መሃል ላይ ያለውንም፣ መጨረሻ የገባውንም ክፈቱ። ፎርጅድ ከሆነ አንዱ ጋ ይሰናከላል። መድኃኒት የለውም፤ ለሻጩ መልሱለት። ለዚህ ነው ፍላሽ ስትገዙ ደረሰኝ ያዙ የምለው። በረንዳ ላይ ዘርግቶ የሚሸጥ ሰው ነገ እዚያው አይገኝም።

ፍላሹ ደህና ሆኖ ሁልጊዜ እዚያው መጠን ላይ የሚቆም ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ፋት32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ደህና ሪሲቨር 4 ሲሞላ ራሱ ቆርጦ ሌላ ፋይል ይከፍታል፤ ርካሹ ቀጥ ይላል። ጎረቤቴ መስከረም 21 የግሸን ማርያምን ንግሥ ቀጥታ ሥርጭት ሲቀዳ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የቆመበት በዚሁ ነው። ኤችዲ የሚባለው ጥራቱ ከፍ ያለ ጣቢያ በሰዓት ከ2 እስከ 3 ጊጋ ይበላል፤ ተራው ኤስዲ 1 ጊጋ ገደማ። መፍትሔው ፍላሹን ትልልቅ ፋይል በሚቀበለው አሠራር፣ ኤንቲኤፍኤስ (NTFS) አድርጎ ፎርማት ማድረግ ነው። ከሪሲቨሩ ሜኑ ላይ ምርጫው ካለ እዚያው አድርጉት። አንዳንዱ ሪሲቨር ኤንቲኤፍኤስን ያነባል እንጂ አይጽፍበትም፤ ስለዚህ አሥር ደቂቃ ቀድታችሁ ሞክሩ።

ተጠንቀቁ! ፎርማት ሁሉንም ያጠፋል። ሁሉንም! የሠርግ ፎቶ ያለበትን ፍላሽ ሪሲቨር ላይ ሰክቶ ሕፃን ልጅ ሪሞት የሚያስይዝ ቤተሰብ አይቻለሁ። በኋላ እኔ ጋ መጥታችሁ ብታለቅሱ ምን ላድርጋችሁ? ለመቅጃ ለብቻው ፍላሽ ይኑራችሁ።

የተቀዳው ካሬ ካሬ እየሆነ ይቆራረጣል

ቀጥታ ስታዩት ጥርት ካለ ፍላሹ ቀርፋፋ ነው፤ ቀይሩት። ቀጥታውም ከተቆራረጠ ዲሹን ወይም ፊቱ ላይ የተሰቀለችውን ኤል ኤን ቢ ተመልከቱ። በጦሳ ተራራ አታሳብቡ። ተራራው በምዕራብ ነው፣ ኢትዮሳት በምሥራቅ ደቡብ ከፍ ብሎ ነው ያለው።

በሰዓቱ አልተነሳም

የማታው ዜና 2 ሰዓት ነው ብላችሁ 02:00 ሞልታችኋል። ሪሲቨሩ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚሠራው፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተነስቶ የሚያገኘውን ይቀዳል። ለቀን 6 ደምሩ፣ ለማታ 18፤ ድምሩ 24 ከደረሰ ወይም ካለፈ 24 ቀንሱ። ምሽት 2 ሰዓት 20:00 ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ቀኑም ስለሚለወጥ ቀኑን አብራችሁ አስተካክሉ። የሰዓት ቀጠናው +3፣ የበጋ ሰዓት የሚለው ደግሞ ዝግ ይሁን። እባካችሁ ሶኬቱን ነቅላችሁ «አልቀዳም» አትበሉኝ። በሪሞት ነው የሚጠፋው።

ሌሎች

ሃርድ ዲስክ ሲሰካ ቀጭ ቀጭ ብሎ ሪሲቨሩ ጠፍቶ ከበራ፣ ዩኤስቢው ለዲስኩ የሚበቃ ኃይል አልሰጠም፤ የራሱ አዳፕተር ያለው ማከፋፈያ ይፈልጋል። እየቀዳ መብራት ከሄደ ፋይሉ ሳይዘጋ ይቀራል፤ ኮምፒውተር ላይ ዲስኩን ማስጠገኛው አንዳንዴ ያድነዋል። ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ሪሲቨሩን ዳንቴል አልብሳችሁት ደርቆ አልሠራ ቢል አትደነቁ። አንዱን እየቀዳችሁ ሌላ ጣቢያ አልከፍት ካለ ብልሽት አይደለም። መቀበያው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ በዚያው ፍሪኩዌንሲ ላይ ያሉትን ብቻ ነው የሚያሳያችሁ።

አዲስ የምትገዙ ከሆነ፣ ዩኤስቢ ቀዳዳ ስላለው ብቻ ይቀዳል ማለት አይደለም፤ ፊልም ብቻ የሚያጫውት አለ። ካርቶኑ ላይ ፒቪአር (PVR)፣ ማለትም ይቀዳል የሚል ፈልጉ። «የ12 ወር ሰርቨር አለው»፣ ማለትም የተቆለፈ ጣቢያ በኢንተርኔት ይከፍታል እያለ ዋጋ የሚጨምርባችሁን አትስሙት፤ ነፃ ጣቢያ ለመቅዳት ሰርቨር አያስፈልግም። የራሳችሁን ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ሱቁ ውስጥ አስቀዱ፣ አጫውቱት፣ ከዚያ ክፈሉ።