ዋልካ መሬትን በጭድና በእበት ማላላት

በደምቢያና በጎንደር ዙሪያ ዋልካ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ላይ አትክልት የሚያለማ ሁሉ ችግሩን ያውቀዋል፦ ክረምት ውሃ ያቁራል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ጭድ፣ እበትና አረም ተከምሮ ሲበሰብስ የሚገኘው ኮምፖስት አፈሩን ያላላዋል። ውሃ የሚተኛበት ማሳ ግን መደቡ ከፍ ተደርጎ ካልተሠራ በኮምፖስት ብቻ አይድንም።

የጤፍና የስንዴ ጭድ ብቻውን ቢከመር ዓመት ቆይቶም በደንብ አይበሰብስም፤ ካርቦኑ ከናይትሮጅኑ 80 እጥፍ ገደማ ነው። የሚፈለገው ከ25 እስከ 30 እጥፍ ስለሆነ፣ ለሁለት ቁና ጭድ አንድ ቁና እርጥብ አረም ወይም ቅጠልና አንድ ቁና እበት ይግባ። እበቱ ለኩበት ካለቀ የከብት ሽንት፣ የባቄላና የሽምብራ ገለባ በከፊል ያካክሱታል። ከብት የሚበላውን ጭድ ለክምር አታባክኑ፤ ዝናብ የመታውና ከግርግም የተረፈው ይበቃል።

ደረቅ ጭድ ውሃ ስለማያስገባ ከመከመሩ በፊት አንድ ሌሊት አርሱት። ከታች ያልተቆረጠ የማሽላ አገዳ 20 ሳንቲ ሜትር አንጥፉ፤ አየር የሚገባው በእሱ በኩል ነው። ከዚያ 20 ሳንቲ ሜትር ጭድ፣ 10 አረም፣ 10 እበት፣ በላዩ ስስ አፈር እያደረጋችሁ ደራርቡ። ወርዱ 1.5፣ ቁመቱ 1.2 ሜትር ይሁን፤ ከ1 ሜትር ያነሰ ክምር ሙቀት አይዝም። ከፀሐይ ለመከላከል በሣር ሸፍኑት።

በ5ኛው ቀን መሐሉ ድረስ የተሰካ ብረት ሲወጣ እጅ ማቃጠል አለበት። ካልሞቀ ብዙ ጊዜ ውሃ አንሶታል፦ እፍኝ ሲጨመቅ ጥቂት ጠብታ መውጣት አለበት። ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ካለው እበት በዝቷል፤ ጭድ ጨምሩ። የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ አየር አጥቷል፤ አገላብጡት። አመድ ከትኩስ እበት ጋር አታብዙ፣ ናይትሮጅኑን ያበንናል። በየሦስት ሳምንቱ የውጩን ወደ ውስጥ አገላብጡ፤ ከ3 እስከ 4 ወር ይደርሳል።

የጣና እንቦጭ እንደ እርጥብ አረም ያገለግላል፤ ግን ሳያብብ ታጭዶ እዚያው ዳር ላይ ይጠውልግ። ወደ ሌላ ወንዝ ወይም ኩሬ አቅራቢያ መውሰድ አረሙን መዝራት ነው።

ለአንድ ካሬ ሜትር መደብ ከ2 እስከ 3 ኪሎ የበሰለ ኮምፖስት በትነው ከላይኛው 15 ሳንቲ ሜትር አፈር ጋር ያደባልቁታል። ያልበሰለ ኮምፖስት የአፈሩን ናይትሮጅን ስለሚሻማ ችግኙ ቢጫ ይሆናል። መብሰሉን በፌጦ ፈትኑት፦ አንድ ቆርቆሮ ኮምፖስት፣ አንድ ቆርቆሮ የጓሮ አፈር ላይ እኩል ፍሬ ዝሩ። በሳምንት ውስጥ የኮምፖስቱ ቡቃያ ከአፈሩ ካነሰ ወይም ከገረጣ ክምሩን አንድ ወር ጨምሩለት።