«ባቢ ኤም-ቲ»፦ በአጭር መልእክት ቋንቋ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

አክስቴ እህል በረንዳ ጤፍ ትነግዳለች። አንድ ወጣት ደንበኛዋ ሁለት ኩንታል ነጭ ጤፍ ወሰደና ማታ ላይ መልእክት ላከላት። አሥር ቁጥር ነች፣ ከጎኗ የእንግሊዝኛዋ ኪው። በአክስቴ ደብተር ኪው ማለት ኩንታል ነው። በማግስቱ በጠዋት አሥር ኩንታል አስመዝና፣ ማዳበሪያውን አሰፍታ፣ አይሱዙ ላይ ልታስጭን ስትል ነው ልጇ የደረሰባት። ሰውየው ያለው «ቴን-ኪው» ነው፤ አመሰግናለሁ።

አክስቴን ብቻዋን ማማት ግን አይገባም። ሁላችንም የየራሳችን አሥር ኩንታል አለን።

ስህተት አንድ፦ ቁጥርና ፊደልን አንድ ትርጉም ብቻ መስጠት

ኬ የምትባለውን ፊደል ተመልከቱ። ቴሌግራም ላይ ሶፋ የሚሸጥ ሰው «35ኬ» ካለ 35 ሺህ ብር ማለቱ ነው። ያቺው ኬ ለብቻዋ መልስ ሆና ስትመጣ ደግሞ «እሺ» ነች። ጂሲም እንደዚሁ ነው። የሥራ ማስታወቂያ ላይ ከዓመተ ምሕረት ጎን ከተጻፈ የፈረንጅ አቆጣጠር ማለት ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ዘንድሮ ጂሲ ነኝ» ካለ ግን ተመራቂ ነኝ እያለ ነው።

ረጅም ደብዳቤ የሚያክል መልእክት ጽፋችሁ ኬ ብቻ ስትመለስላችሁ ቶሎ አትቀየሙ፤ ሰውየው ታክሲ ውስጥ ቆሞ ይሆናል። እናንተ ግን ለአማታችሁ ኬ ብላችሁ አትመልሱ። «እሺ እማማ» ለመጻፍ ስንት ሰከንድ ይፈጃል?

ስህተት ሁለት፦ አማርኛን በላቲን ፊደል ጽፎ አናባቢውን መዝለል

ይሄኛው ከሁሉም የባሰው ነው።

የአጎቴ ልጅ ሪያድ ትሠራለች። የመጨረሻ ወንድማቸው ባቢ ለሥራ ወደ ሞያሌ ወርዶ ሦስት ሳምንት ስልኩ አልሠራ ብሎ ቤተሰቡ ተጨንቆ ነበር። አንድ ማታ ከታላቅ ወንድሟ መልእክት ገባላት፦ «ባቢ»፤ ከዚያ ኤም እና ቲ። ሌላ ምንም የለም። ወንድሟ «መጣ» ማለቱ ነው። እሷ ያነበበችው ግን «ሞተ» ብላ ነው። ሌሊቱን ዘጠኝ ጊዜ ደወለች፤ እሱ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ እንቅልፉን ይለጥጣል። ጠዋት ላይ ስልኩን ያነሳው ባቢ ራሱ ነበር። «ሄሎ» ሲላት የጮኸችው ጩኸት አብረዋት የሚኖሩትን ልጆች ሁሉ ከአልጋ አስነስቷል።

በእንግሊዝኛ አናባቢ ቢዘለል ቃሉ ብዙ ጊዜ አይጠፋም። የእኛ ቋንቋ ግን ሥራውን የሚሠራው በአናባቢው ነው። ሰ፣ በ፣ ረ የሚሉትን ሦስት ድምፆች አናባቢ አልባ አድርጋችሁ ጻፏቸው፤ ሰበረ ይሁን፣ ስበር ይሁን፣ ሰባራ ይሁን ማን ያውቃል? በዚያ ላይ የላቲኗ ቲ ለ«ተ»ም ለ«ጠ»ም ታገለግላለች፤ ጥልና ትል አንድ ይሆናሉ።

ልማዱ ያለ ምክንያት አልመጣም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተርና ስልክ የዓለምን ፊደላት በሚያውቁበት የጋራ ሰንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በእጃችን የነበሩት ስልኮች አማርኛ አይጽፉም፣ የተጻፈ ሲደርሳቸውም ባዶ ሳጥን ይደረድሩ ነበር። አማርኛ የሚጽፉት ላይ ደግሞ ቦታው ይጠብባል። አንድ ኤስኤምኤስ በላቲን 160 ምልክት ሲይዝ በግዕዝ ፊደል 70 ብቻ ነው የሚይዘው፤ ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል። ይሁንና አንድ ፊደላችን ተነባቢውንም አናባቢውንም አንድ ላይ ስለሚሸከም 70ዋ የምትመስለውን ያህል ጠባብ አይደለችም። «ሰላም» በእኛ ሦስት ፊደል ነው፤ በላቲን አምስት። ዛሬ በቴሌግራም የፈለግነውን ያህል እየጻፍን አሁንም «ሰላም»ን በሦስት ተነባቢ የምናንጠለጥለው በልማድ ብቻ ነው።

ስህተት ሦስት፦ እ.ኤ.አ.ን እና እ.ኢ.አ.ን ማምታታት

የሚለያቸው የአንዲት ፊደል እግር ነው። «ኤ» ስትሆን እንደ አውሮፓውያን፣ «ኢ» ስትሆን እንደ ኢትዮጵያውያን አቆጣጠር። በመሃላቸው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አለ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ የልደት ቀን ሲጠይቃችሁ «በ1990» ብሎ መተው ችግር ነው፤ በአንዱ ቅጽ ላይ ሰባት ዓመት ታረጃላችሁ።

ስህተት አራት፦ ስምን በእዝባር ቆርጦ መላክ

ገ/፣ ኃ/፣ ተ/ እያልን ማሳጠር ከድሮ ጀምሮ የለመድነው ነው፤ ለዕድር መዝገብ ምንም አይደለም። ወ/ማርያም ግን ወልደ ማርያም ናቸው ወይስ ወለተ ማርያም? ገንዘብ የሚልክላችሁ ሰው ስም ከጠየቃችሁ መታወቂያው ላይ እንዳለው ሙሉውን ጻፉለት። የባንኩ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ እዝባሩን እንድትፈታላችሁ አትጠብቁ፤ ስሙ ከመታወቂያው ጋር ካልገጠመ ትመልሳችኋለች።

ስህተት አምስት፦ ሳቅን ከለቅሶ መቀላቀል

ኤል-ኦ-ኤል ማለት «ጮክ ብዬ ሳቅሁ» ነው። «ብዙ ፍቅር» የሚመስላቸው አሉ፤ ከእነሱም አንዱ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ዴቪድ ካሜሮን ነው። የጋዜጣ ኃላፊ የነበረችው ሪቤካ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ2012 በምርመራ ኮሚሽን ፊት ቀርባ፣ ካሜሮን አንዳንዴ መልእክቱን በኤል-ኦ-ኤል ይዘጋ እንደነበርና ትርጉሙን ስትነግረው እንደተወው መስክራለች።

የእኛ ቤት ስህተት ደግሞ ሥዕሉ ላይ ነው። አፏን በሳቅ ከፍታ በሁለቱም ዓይኖቿ ጥግ እንባ ያቀረረችው ያቺ ቢጫ ፊት እየሳቀች ነው እንጂ እያለቀሰች አይደለም። በአንድ የሰፈር ግሩፕ ላይ የአንድ አባት ዕረፍት ተነግሮ፣ ከ«ነፍስ ይማር» ሥር አምስት ቢጫ ፊቶች ተደርድረው አይቻለሁ፤ ሁሉም እስኪያነቡ የሚስቁ። የላኩት እናት ከልባቸው አዝነው ነበር። አፏ ወደ ታች የታጠፈውን ፈልጉ፤ ካላገኛችሁ በቃል ጻፉት።

ስህተት ስድስት፦ የአራዳ ቃልን በእንግሊዝኛ መፍታት

ጨላ ገንዘብ፣ ነፍ ብዙ፣ ላሽ በል ደግሞ ሂድልኝ መሆኑን ባያውቁም ቢያንስ ሰዎች ይጠይቃሉ። አደገኛው ከእንግሊዝኛ የመጣ የሚመስለው ቃል ነው፤ የምናውቀው ስለሚመስለን አንጠይቅም። ሜሪላንድ ተወልዳ ያደገች የእህቴ ልጅ በቤተሰብ ግሩፕ ላይ እንጀራ ስትጋግር የሚያሳይ ቪዲዮ ለጠፈች። ምጣዱ ላይ የነበረው ነገር የአፍሪካን ካርታ ይመስላል። የአክስቶቹ ልጆች አድናቆት አዘነቡላት፤ «ኧረ ይሄንማ ለሠርግ ነው» እያሉ። አንዱ አዘነላትና «ሙድ እየያዙብሽ ነው» ብሎ ጻፈላት፤ እያሾፉብሽ ነው ማለቱ ነበር። ልጅቷ ወዲያው መለሰች፦ «አይ፣ ሙዴ ደህና ነው፣ አመሰግናለሁ።»

ይኸው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በግሩፑ ላይ ስሟ «ሙዴ ደህና» ነው። እንጀራዋ ግን ዓይን ማውጣት ጀምሯል አሉ።