የሌሊቱን ሰማይ በተማሪ አቅም ፎቶ ማንሳት

የሰማይ ፎቶ ለመጀመር ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። ከዘመድ የተዋሳችሁት የቆየ ዲኤስኤልአር (ሌንሱ የሚቀየር) ካሜራ ከነ 18-55 ሚሊ ሜትር ሌንሱ ይበቃል። እሱም ከሌለ ‹‹ፕሮ›› የሚል (ቅንብሩን በእጅ የሚያስለውጥ) ምርጫ ያለው ስልክ ያስጀምራል። ያለ እሱ የማይሆነው ካሜራውን ሳይነቃነቅ የሚይዝ ነገር ነው። ትሪፖድ ካልተገኘ አሸዋ ወይም ሩዝ በትንሽ ከረጢት ሞልታችሁ ድንጋይ ላይ አስቀምጡና ካሜራውን ወደ ሰማይ አዙራችሁ ከረጢቱ ላይ ደልደል አድርጉት።

መጀመሪያ ቀኑን ምረጡ። ሙሉ ጨረቃ ባለችበት ሌሊት ደብዛዛ ኮከቦች ይጠፋሉ፤ ስለዚህ ጨረቃ ከምትጠፋበት ቀን አራት አምስት ቀን ቀደም ወይም ዘግየት ብላችሁ ውጡ። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው በጋ ለእኛ ወርቅ ነው። ለገና ወይም ለጥምቀት ገጠር ቤተሰብ ጋ የምትሄዱ ከሆነ ካሜራውን ሳትይዙ አትሂዱ፤ የአዲስ አበባ መብራት የሚጋርደውን ሰማይ እዚያ ከደጃፍ ታገኙታላችሁ። በታኅሣሥ ምሽት ኦሪዮን የተባለው የኮከቦች ስብስብ በምሥራቅ ይወጣል፤ ታኅሣሥ 4 እና 5 አካባቢ ደግሞ የጀሚኒድስ ተወርዋሪ ኮከቦች ይበዛሉ። የፍኖተ ሐሊብን (የጋላክሲያችንን) ደማቅ መሃል ግን በዚህ ወር አትፈልጉት፤ ፀሐይ ያኔ በዚያው አቅጣጫ ናት። በየካቲት አጋማሽ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ በደቡብ ምሥራቅ ይወጣል፤ ከ10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ጎህ እስኪቀድ ጥሩ ከፍታ ላይ ነው። ከሰኔ በኋላ ደመናው ይሸፍነዋል። ስቴላሪየም የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፍታችሁ ያላችሁበትን ቦታና ሰዓት ብትሞሉ ሁሉንም አስቀድሞ ያሳያችኋል።

ብዙ ፎቶ የሚበላሸው በፎከስ ነው። ካሜራ በጨለማ በራሱ ፎከስ ማድረግ አይችልም፤ ሌንሱ ላይ ያለው የ∞ (የሩቅ ርቀት) ምልክትም ብዙ ጊዜ ትክክለኛው ቦታ ላይ አይደለም። ሌንሱን ወደ ማንዋል (በእጅ ማስተካከያ) ቀይሩ፣ ላይቭ ቪው (ሌንሱ የሚያየውን በስክሪኑ የሚያሳየውን) ክፈቱ፣ ወደ ሲሪየስ ወይም ወደ ሌላ ደማቅ ኮከብ አዙሩና በስክሪኑ ላይ 10 እጥፍ አጉሉት። ቀለበቱን ቀስ እያላችሁ ስታዞሩ ኮከቡ ያንሳል፣ ያንሳል፣ ከዚያ መልሶ ይሰፋል። በጣም ያነሰበት ላይ ቁሙና ቀለበቱን በፕላስተር አጣብቁት። ዙም ከነካችሁ ፎከሱ ስለሚሄድ እንደገና መሥራት ነው።

አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ) እስከ መጨረሻው ክፈቱ፤ 18 ሚሊ ሜትር ላይ ኤፍ 3.5 ነው። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት) 3200፣ የቀለም ሙቀት 4000 ኬልቪን፣ ፋይሉ ሮው (ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) ይሁን። ለሹተሩ (ብርሃን ለሚገባበት ጊዜ በሰከንድ) 500ን ለሌንሱ ርዝመት በሚሊ ሜትር አካፍሉ፤ አነስተኛ ሴንሰር (ብርሃን ተቀባይ) ላላቸው ካሜራዎች ርዝመቱን መጀመሪያ በ1.5 (ለካኖን በ1.6) አባዙት። 18 ሚሊ ሜትር ሲሆን 17 ወይም 18 ሰከንድ ይሆናል።

ይህ ስሌት ግን ግምት ነው፤ ለሰማዩ ሁሉ እኩል አይሠራም። የኦሪዮን ቀበቶ የሰማይ ወገብ (ከምድር ወገብ ትይዩ ያለው የሰማይ መስመር) ላይ ስለሆነ ኮከቦቹ ፎቶው ላይ ከሁሉም ፈጥነው ይንቀሳቀሳሉ፤ እዚያ 12 ሰከንድ ብትሞክሩ ይሻላል። የደቡብ መስቀል ወደ ዋልታው ስለሚቀርብ ፍጥነቱ ግማሽ ያህል ነው፤ 25 ሰከንድም ይችላል። እኛ በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ አካባቢ ስለሆንን ሁለቱንም እናያለን፤ በጥር ጎህ ሊቀድ ሲል መስቀሉ በደቡብ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ጣታችሁ ሹተሩን ሲጫን ካሜራው ስለሚርገበገብ የ2 ሰከንድ ታይመር ተጠቀሙ። ትሪፖድ ላይ ሲሆን የሌንሱን ማረጋጊያ አጥፉት። የካሜራው ስክሪን በጨለማ ያታልላል፤ ደማቅ የመሰለው ፎቶ ቤት ሲከፈት ጥቁር ይሆናል። ስለዚህ ሂስቶግራሙን (የፎቶውን የብርሃን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) እዩ፤ ጉብታው ከግራው ጠርዝ መላቀቅ አለበት። በደጋ ሌሊት ሌንሱ ላይ ጤዛ ስለሚያርፍ በየአሥር ደቂቃው ተመልከቱት። ትርፍ ባትሪ ኪስ ውስጥ ይሙቅ።

ስልክ ከሆነ አይኤስኦ 1600፣ ሹተር ከ10 እስከ 15 ሰከንድ፣ ፎከስ ማንዋል ሆኖ ሩቁን ወደሚያመለክተው የተራራ ምልክት ጥግ። ዋናውን ካሜራ እንጂ ሰፊውን አትጠቀሙ፤ በአብዛኛው ስልክ ላይ ሰፊው ሌንስ በቂ ብርሃን አያስገባም።

ብቻችሁን አትውጡ፤ የአካባቢውን ሰውም አስቀድማችሁ ንገሩ። በሌሊት ትሪፖድ ተክሎ የሚቆም እንግዳ ማንንም ያስደነግጣል። ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ የእጅ ባትሪውን በቀይ ፌስታል ሸፍኑት።

የኮከብ ዱካ ለማንሳት እያንዳንዱ 30 ሰከንድ የሚፈጅ 120 ፎቶ ያለ እረፍት አንሱ፤ አንድ ሰዓት ነው፣ ዱካውም 15 ዲግሪ ይሆናል። የረጅም ሹተር ኖይዝ (ፎቶው ላይ የሚበተን ነጠብጣብ) መቀነሻው ይጥፋ፤ ካልጠፋ ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላ ሌላ 30 ሰከንድ ወስዶ ዱካውን ይቆራርጠዋል። ወደ ሰሜን ካዞራችሁ የክቡ መሃል፣ የዋልታው ኮከብ ማለት ነው፣ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ስለሚል ተራራ የማይጋርደው ቦታ ፈልጉ። ፎቶዎቹን ስታርስታክስ የተባለው ፕሮግራም በነፃ ያዋህዳቸዋል።

ለፍኖተ ሐሊብ ደግሞ ከአንድ ቦታ 16 ፎቶ በተከታታይ አንሱና ሴኳተር በተባለው ፕሮግራም ደራርቡ፤ ኖይዙ ወደ ሩብ ይወርዳል። ከመመለሳችሁ በፊት የሌንሱን ክዳን ግጠሙና ቅንብሩን ሳትነኩ 10 ጥቁር ፎቶ አንሱ። ፕሮግራሙ የሴንሰሩን የጋሉ ነጥቦች የሚያነጻው በእነዚህ ነው፤ ቤት ገብታችሁ ካነሳችኋቸው የሴንሰሩ ሙቀት ስለሚለያይ በደንብ አይሠሩም።