ለጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ የወታደር ቅርጾችን እንዴት መምረጥ ይቻላል?

በጠረጴዛ ላይ በሚደረግ የጦርነት ጨዋታ አንድ መቆሚያ ላይ የሚሰፍሩ ጥቂት ቅርጾች መቶዎችን ወክለው ይቆማሉ። የቅርጹ መልክ ከመመረጡ በፊት እንግዲህ የሚወክለው ክፍል በሜዳው ላይ ምን ያህል ስፋት ይዞ እንደሚሰለፍ መታወቅ አለበት። ለዚህ ጽሑፍ ምሳሌ የምናደርገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተካሄደውን የዓድዋ ጦርነት ሲሆን፣ ከቅርጾቹ በቀር ዕቃዎቹ አዳማ ከተማ ውስጥ በቀላሉ የሚገኙ ናቸው።

1. የመሬቱን ልኬት ይወስኑ። የጣሊያን ጦር አዛዥ የነበረው የጄኔራል ባራቲየሪ ብርጌዶች ተራርቀው ስለተዋጉ ሰፊ ሜዳ ያስፈልጋል። 1 ሳንቲ ሜትር 50 ሜትርን ቢወክል፣ 180 በ120 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠረጴዛ 9 በ6 ኪሎ ሜትር መሬት ይይዛል።

2. የመቆሚያውን ስፋት ያስሉ። 500 ያህል ሰዎች ያሉት ሻለቃ በሁለት ረድፍ ቢሰለፍና ለእያንዳንዱ ሰው 60 ሳንቲ ሜትር ቢታሰብ ግንባሩ 150 ሜትር፣ በጠረጴዛው ላይ ደግሞ 3 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ይህ ከለስላሳ መጠጥ ቆርኪ ስፋት ጋር ይቀራረባል፤ ይሁን እንጂ ክብ ነገር ፊቱና ጎኑ ስለማይለይ፣ ከጎን መመታት ትልቅ ትርጉም ባለው ጨዋታ ቆርኪን ለአዛዦች ብቻ መጠቀም ይሻላል። ለተዋጊው ክፍል ከእንጨት ሥራ ቤት የሚተርፍ የኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ጣውላ) ቁራጭ በአራት ማዕዘን ተቆርጦ ይዘጋጅ። ርቀት የሚለካው ከመቆሚያው ጠርዝ በመሆኑ የሁለቱም ወገን ስፋት እኩል መሆን አለበት። የጀርባ ጥልቀቱ ግን ከእውነታው መብለጡ የማይቀር ነው፤ ሁለት ረድፍ ሰው በዚህ ልኬት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም።

3. የቅርጹን ቁመት ይምረጡ። 28 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ወታደር በጣም ያምራል፤ ሆኖም በዚህ መሬት ላይ 140 ሜትር የሚረዝም ሰው ይሆናል፣ መቆሚያውንም ብቻውን ይሞላዋል። 6 ሚሊ ሜትር የሚረዝሙት ስድስት ያህል ሆነው ስለሚሰለፉ በእርግጥ ሻለቃ ይመስላሉ፤ ለእኔ ለዓድዋ የሚመቹት እነዚህ ናቸው። ልብሱን በዝርዝር ማሳየት የሚፈልግ ሰው 15 ሚሊ ሜትሩን ሦስት ሦስት አድርጎ ያቁም። ቅርጾቹን ከውጭ ማስመጣት ካልተቻለ በወፍራም ወረቀት ላይ የታተመ ሥዕል ወይም ባለ ቀለም እንጨት ያለ ኀፍረት መጠቀም ይቻላል፤ ፕሩሲያዊው መኮንን ፎን ራይስቪትስ በ1824 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የጦር ጨዋታም የተካሄደው በካርታ ላይ በሚንቀሳቀሱ፣ በልክ በተቆረጡ ቁራጮች ነበር።

4. እያንዳንዱ ክፍል ከሩቅ እንዲለይ ያድርጉ። የጣሊያኖቹ የራስ ቁርና የአስካሪዎቹ (ለጣሊያን የተሰለፉ የአገሬው ተወላጅ ወታደሮች) ረጅም ቀይ ቆብ ቅርጻቸው ስለሚለያይ ዓይን አይሳሳትም። በጄኔራል አልበርቶኔ ሥር የነበሩት የአስካሪ ሻለቆች እያንዳንዳቸው በሰው ብዛት የጣሊያኖቹን ሻለቃ እጥፍ ያህል ስለነበሩ ለእያንዳንዳቸው ሁለት መቆሚያ ይመደብ፤ የመታጠቂያቸው ቀለምም ሻለቃውን ያሳያል። የኢትዮጵያ ጦር ግን በሻለቃ ተከፋፍሎ ስላልነበር እኩል በሆኑ ክፍሎች መሸንሸኑ ታሪኩን ያበላሻል። ለራስ መኮንን፣ ለራስ ሚካኤል፣ ለራስ አሉላ፣ ለንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና ለእቴጌ ጣይቱ ጦር እንደየብዛቱ የተለያየ ቁጥር ያለው መቆሚያ ይሰጥ፤ የማን ጦር እንደሆነ የሚያሳውቅ ቀለምም በጀርባው ጠርዝ ላይ ይቀባ። ተዋጊዎቹም ረድፍ ሳይጠብቁ ተበታትነው ይለጠፉ፤ የውጊያ ስልታቸው በዚህ ብቻ ይታወቃል።

5. ቀለም ይቀቡ። አዳማ ነፋሻማ ስለሆነች የሚረጭ ቀለም ነፋሱ በረድ ባለበት ሰዓት፣ በካርቶን ውስጥ ይረጭ፤ አለዚያ አቧራው እርጥቡ ቀለም ላይ ይጣበቃል።

6. ሁሉንም ከማዘጋጀትዎ በፊት ከየወገኑ ሁለት ክፍሎች ብቻ ሠርተው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡ፤ ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ሆነው የማን እንደሆኑና ወዴት እንደሚመለከቱ ጨዋታውን የማያውቅ ሰው ይጠይቁ። መመለስ ካቃተው የጠርዙን ቀለም ያድምቁ ወይም ቅርጾቹን ይቀንሱ።