ዋግምት ሲታገሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዋግምት ጽዋን ቆዳ ላይ ደፍቶ፣ በውስጡ ያለውን አየር በእሳት ወይም በመምጠጫ በማሳሳት ቆዳውንና ከሥሩ ያለውን ሥጋ ወደ ላይ የሚስብ ጥንታዊ ሕክምና ነው። ቀድሞ በቀንድ፣ በቀርከሃና በሸክላ ይሠራ የነበረው ዛሬ በመስታወት፣ በፕላስቲክና በሲሊኮን ጽዋዎች ይሠራል፤ በ2016 እ.ኤ.አ. በሪዮ ኦሊምፒክ ዋናተኛው ማይክል ፌልፕስ ክብ ምልክቶቹን በትከሻው ላይ ይዞ ከታየ ወዲህ ደግሞ በስፖርተኞችና ለጤናቸው በሚጠነቀቁ ሰዎች ዘንድ ስሙ በሰፊው ይነሣል። በዚህ ሕክምና ሰበብ የሚደርሰው ጉዳት በአብዛኛው ሊቀር የሚችል በመሆኑ፣ ስህተቶቹን አስቀድሞ ማወቅ ተገቢ ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ዋግምትን በሐኪም ምርመራና በመድኃኒት ምትክ መጠቀም ነው። እስከ አሁን የተደረጉ ጥናቶች ዋግምት ለአንገትና ለወገብ ሕመም የአጭር ጊዜ ፋታ ሊሰጥ እንደሚችል ያመለክታሉ፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ጥቂት ሰዎች የተሳተፉባቸው ናቸው፤ ታካሚውም ጽዋ እንደተደፋበት ስለሚያውቅ፣ የተገኘው እፎይታ ከሕክምናው ይሁን ከተስፋው የመጣ ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል። የደም ግፊትን፣ የስኳር በሽታን ወይም ካንሰርን እንደሚፈውስ የሚያረጋግጥ ማስረጃ የለም። ስለዚህ ዋግምት ጀምሬአለሁ ብሎ የግፊት መድኃኒትን ማቋረጥ ራስን ለአንጎል ምት ማጋለጥ ነው። የወገብ ሕመሙ ከእግር መዛል፣ ከትኩሳት፣ ምክንያቱ ካልታወቀ ክብደት መቀነስ ወይም ሽንትን መቆጣጠር ካለመቻል ጋር ከመጣ፣ ጊዜ የማይሰጥ ችግር ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ስህተት በቆዳ ላይ የሚቀረውን ምልክት እንደ በሽታ መለኪያ መቁጠር ነው። ጽዋው ሲስብ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይሰነጠቃሉ፤ ከእነርሱ የሚወጣው ደም ከቆዳ ሥር ስለሚጠራቀም ቦታው ይጠቁራል። ጥቁረቱን በዋናነት የሚወስኑት የስበቱ ኃይል፣ የቆይታው ርዝመትና የሰውየው የቆዳ ጠባይ ናቸው። በአንዳንዱ ዋግምት ቆዳው በምላጭ ተበጥቶ የሚወጣውም ደም «መጥፎ ደም» ቢባልም በሰውነት ውስጥ ሲዘዋወር የነበረው ያው ደም ነው፤ ቆሻሻን ከደም የማጣራት ሥራ የጉበትና የኩላሊት ነው። ይህ እምነት ጉዳት የሚያስከትለው ታካሚው ምልክቱ ይበልጥ እንዲጠቁርለት ጠንካራ ስበትና ረጅም ቆይታ ሲጠይቅ ነው። ጽዋው አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ሲቆይ ቆዳው ውኃ ሊቋጥር ይችላል።

ሦስተኛው የንጽሕና ጉድለት ነው፤ በእኔ እምነት ማንም ሊያልፈው የማይገባ ጉዳይ ይህ ነው። በተበጣ ቆዳ ላይ ያረፈ ጽዋ የደም ንክኪ ስላለው፣ በትክክል ካልጸዳ ጉበትን የሚያጠቁትን የሄፓታይተስ ቢና የሄፓታይተስ ሲ ቫይረሶች ወይም የኤችአይቪ ቫይረስን ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሊያሻግር ይችላል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀናት የመበከል ኃይሉን ጠብቆ መቆየት ስለሚችል፣ ጽዋውን በውኃ አለቅልቆ ወይም በአልኮል ወልውሎ ለሚቀጥለው ሰው ማዋል አይበቃም። ምላጩ ከታሸገበት በታካሚው ፊት መከፈት፣ ጽዋውም ለአንድ ሰው ብቻ የሚያገለግል ወይም በሕክምና ደረጃ ከጀርም የጸዳ መሆን አለበት፤ ባለሙያውም አዲስ ጓንት ማድረግ ይኖርበታል። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ጥያቄው የሚያስቆጣው ባለሙያ ዘንድ መታገም አይገባም። ደም የሚወጣበትን ዋግምት በቤት ውስጥ መሞከር ደግሞ ፈጽሞ ሊታሰብ አይገባም።

በእሳት የሚሠራው ዋግምት የራሱ አደጋ አለው። የጽዋውን አየር ለማሳሳት የሚለኮሰው ጥጥ አልኮል ከበዛበት ነበልባሉ ወደ ቆዳ ሊንጠባጠብ ይችላል፤ የጽዋው አፍ ከጋለም ቆዳውን ያቃጥላል። በእጅ መምጠጫ የሚሠራው ጽዋ ከዚህ ስለሚያድን እኔ እርሱን እመርጣለሁ።

ሌላው ስህተት የጤና ሁኔታን ሳይናገሩ መታገም ነው። እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ ደሙ በቀላሉ የማይረጋለት ወይም የደም ማነስ ያለበት ሰው በሐኪም ሳይፈቀድለት መታገም የለበትም፤ ነፍሰ ጡርም ሆዷና ወገቧ ላይ ጽዋ ሊደፋባት አይገባም። ሶርያሲስ የተባለው ቆዳን የሚያቀላና የሚያስቀርፍ ሕመም ያለበት ሰው ቆዳው በተጎዳበት ስፍራ ሕመሙ እንደ አዲስ ሊወጣበት ይችላል፤ ጠባሳው የሚያብጥበት ሰው ደግሞ ከብጣቱ መራቅ ይሻለዋል። በቆሰለ ቆዳ፣ ባበጠ የደም ሥር፣ በአንገት ፊት ለፊትና በዓይን አካባቢ ጽዋ አይደፋም።

ባዶ ሆድ መታገምና ወዲያው ብድግ ብሎ መሄድ ራስን ሊያስት ስለሚችል፣ አስቀድሞ ቀለል ያለ ምግብ መመገብና ውኃ መጠጣት፣ ከዚያም በኋላ ጥቂት ማረፍ ያስፈልጋል። ምልክቱ በአብዛኛው ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጠፋል፤ ቦታው እየቀላና እየጋለ ከሄደ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከተከተለ ግን ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ሊያየው ይገባል። ቆዳው ተበጥቶ የታገመ ሰው ደም ለመለገስ ሲሄድም ይህንኑ አስቀድሞ ለደም ባንኩ መናገር አለበት።