ዓይን ሲያሳክክ አፍንጫውን ማየት፦ የአለርጂ ችግርና መፍትሔ

ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ሲያብብ «ሳይነሴ ተነሳብኝ» የሚለው ብዙ ነው። ያስነጥሰዋል፣ ዓይኑን ያሻል፣ ከዚያ ፋርማሲ ገብቶ ለአፍንጫው አንድ፣ ለዓይኑ ሌላ መድኃኒት ይገዛል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሕመሙ አንድ ነው፤ አለርጂ። ዋሽንግተን አካባቢ ላሉ ወገኖች ወቅቱ ፀደይ ላይ፣ ዛፎቹ ሲያብቡ ይጀምራል።

ሁለቱም ዓይን ያሳክካል፣ ቀጭን እንባ ይወርዳል፣ አፍንጫም ተዘግቷል

የአበባ ብናኝ ዓይንም አፍንጫም ላይ ያርፋል፤ ሰውነትም ሂስታሚን የሚባል፣ የሚያሳክክና የሚያሳብጥ ንጥረ ነገር ይለቃል። በዚህ ላይ የተቆጣ የአፍንጫ ነርቭ ዓይንን ያስነባል፣ ያቀላል። እንባ የሚወርድበት ቀጭን ቧንቧ መውጫው አፍንጫ ውስጥ ስለሆነ፣ አፍንጫ ሲያብጥ እንባው መሄጃ አጥቶ በጉንጭ ይፈሳል።

ስለዚህ ከአፍንጫው ይጀምሩ። እንደ ፍሉቲካሶን (50 ማይክሮግራም) ያለ የአፍንጫ ስፕሬይ ለአዋቂ በቀን 1 ጊዜ፣ በየቀዳዳው 2 ነፋ፤ ሲሻል ወደ 1 ይቀነሳል። የዓይኑንም ማሳከክ ያስታግሳል። ማስነጠሱ ከበረታ ሴትሪዚን የተባለ የአለርጂ ክኒን 10 ሚሊግራም ማታ ይጨመራል።

ስፕሬዩ አልሠራም

ሁለት ሦስት ቀን ሞክሮ መተው ዋናው ስህተት ነው። ሙሉ ውጤቱ 1–2 ሳምንት ይፈልጋል፣ ያውም በየቀኑ ሲወሰድ። ሁለተኛው አነፋፉ ነው። መጀመሪያ ይናፈጡ። ጠርሙሱን ይወዝውዙ፤ አዲስ ከሆነ ጉም እስኪመስል ድረስ አየር ላይ ይንፉት። አንገትዎን በትንሹ ወደፊት ደፋ አድርገው፣ በቀኝ እጅ ለግራው ቀዳዳ፣ በግራ እጅ ለቀኙ፣ ጫፉን በዚያው ወገን ወዳለው ጆሮ አዙረው ይንፉ። ወደ መሃሉ ግድግዳ ከነፉት ነስር ያመጣል። በኃይል አይሳቡት፤ ጣዕሙ ጉሮሮዎ ላይ ከመጣ መድኃኒቱን ውጠውታል ማለት ነው።

አፍንጫው ተሻለ፣ ዓይኑ ግን አልተወም

ኬቶቲፈን 0.025% ወይም ኦሎፓታዲን 0.1% ጠብታ፣ በየዓይኑ 1 ጠብታ በቀን 2 ጊዜ። ካንጠባጠቡ በኋላ ዓይንዎን ጨፍነው በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ በጣት 1 ደቂቃ ይጫኑ፤ ያለዚያ መድኃኒቱ በዚያው ቧንቧ ወደ አፍንጫ ይወርዳል። ዓይን አይሹ፤ ማሸት ተጨማሪ ሂስታሚን ያስለቅቃል። ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ያድርጉበት። ማታ ፊትና ፀጉር ታጥቦ መተኛት ብናኙ ትራስ ላይ እንዳይቀር ያደርጋል።

መድኃኒቱ ሲቆም ይብሳል

እንደ ዛይሎሜታዞሊን ያለ አፍንጫ ከፋች ከ5 ቀን በላይ ከተወሰደ አፍንጫውን መልሶ ይዘጋዋል። መቅላት ብቻ የሚያጠፉ የዓይን ጠብታዎችም እንዲሁ ዓይኑን መልሰው ያቀሉታል።

ከሁሉ የሚያሳስበው ዴክሳሜታሶን የተባለ ስቴሮይድ ያለበት የዓይን ጠብታ ነው። በአንድ ቀን ዓይኑን ያነጣዋል፤ ሰውም ደጋግሞ ይገዛዋል። ሲቆይ ግን የዓይን ግፊት ጨምሮ ግላኮማ (የዓይን ነርቭ ጉዳት)፣ እንዲሁም የዓይን ሞራ ያመጣል። በግላኮማ የጠፋ ብርሃን አይመለስም። የዓይን ሐኪም ሳያዝዝና ሳይከታተል አይውሰዱት፤ ቤት የቀረ ጠርሙስ ካለም ለልጅ አያድርጉ።

አለርጂ ብቻ ላይሆን ይችላል

የአለርጂ ምልክቱ ማሳከክ ነው። ዓይኑ የሚያም፣ ብርሃን የሚፈራ፣ እይታው የደበዘዘ፣ አንዱ ብቻ የቀላ ወይም ወፍራም ቢጫ ዓይናር ያለው ከሆነ በዕለቱ ይመርመር። ዓመቱን ሙሉ ዓይኑን የሚያሽ፣ እንደ ክር የሚሳብ ነጭ ዓይናር የሚወጣው ልጅም ወደ ዓይን ሐኪም ይወሰድ፤ ይህኛው የአለርጂ ዓይነት የዓይንን ብሌን ሊያቆስል ይችላል።